ማሟሟቂያውን ማን ከፈተው?

ሥራ ሲገባ ከሁሉ አስቀድሞ የግራ እጁን ጀርባ ወደ ቧንቧው ያስጠጋል። አይነካውም፤ የጣት ውፍረት ያህል ሲቀረው ያቆመዋል። ቧንቧው ቀዝቃዛ ከሆነ ምንም አይሰማውም፤ ሙቅ ከሆነ የእጁ ፀጉር ቀድሞ ያውቃል። ከዚያ ኮቱን አውልቆ ምስማር ላይ ይሰቅላል፣ ቱታውን ይለብሳል፣ በሁለቱ ጋኖች መካከል ወዳለው የብረት መቆሚያ ይወጣል።

ጋን የሚሏቸው በጎናቸው የተጋደሙ ሁለት ረጃጅም የብረት በርሜሎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው አንድ አውቶቡስ ሳያላምጡ ይውጣሉ። ፋብሪካው ከአሸዋና ከኖራ ጡብ ይሠራል። ጡቡ ከማተሚያው ሲወጣ ጥሬ ነው፤ በጣት ቢጫኑት ይፈርሳል። በጋሪ ተደርድሮ ጋኑ ውስጥ ይገባል፣ ከባዱ በር ይዘጋል፣ ከቦይለሩ እንፋሎት ይለቀቅበታል። በሙቀትና በግፊት በስሎ ድንጋይ ሆኖ ይወጣል።

የእሱ ሥራ የሚጀምረው ጡቡ ሲበስል ነው። በዚያን ጊዜ በአንደኛው ጋን ውስጥ የቀረው እንፋሎት ገና ጉልበት አለው፤ ወደ ሰማይ ቢለቁት ብክነት ነው። ስለዚህ ሁለቱን በሚያገናኘው ወፍራም ቧንቧ በኩል፣ ጥሬ ጡብ ተጭኖበት በሩ ወደተዘጋው ወደ ሁለተኛው ያሻግሩታል። የአንደኛው መለኪያ መርፌ ይወርዳል፣ የሁለተኛው ይወጣል። እኩል ሲሆኑ ትልቁ ቫልቭ ይዘጋል። ሁለተኛው የጎደለውን ከቦይለሩ ይሞላል፤ አንደኛው ትራፊውን በጣሪያው ቧንቧ ተንፍሶ በሩ ይከፈታል።

ሲያወሩት ቀላል ነው። ቫልቩን በአንዴ የሚከፍት ሰው ግን ጥሬውን ጡብ ይሰነጥቀዋል። ቧንቧው ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ ውስጡ የተጠራቀመውን ውሃ እንፋሎቱ እየገፋ ከብረቱ ጋር ያላትመዋል፤ ድምፁ ከግቢው አጥር ውጭ ይሰማል። ለዚህ ሲባል ከትልቁ ቫልቭ ጎን አንድ ቀጭን ቧንቧ ከነትንሽ ቫልቩ ተበጅቷል። ሠራተኞቹ ማሟሟቂያ ይሉታል። መጀመሪያ እሱ ይከፈታል፤ ጥቂት እንፋሎት ሾልኮ መንገዱን ያሞቃል። መጨረሻ ላይ ትልቁ ሲዘጋ እሱም ይዘጋል። ካልተዘጋ፣ ከሁለተኛው ጋን የሚሾልከው እንፋሎት በሩ ሊከፈት ወደተዘጋጀው ወደ አንደኛው ይመለሳል። በሩ ፊት የሚቆሙት ሰዎች ናቸው፤ ግፊት የቀረበት በር ደግሞ ሰው አይመርጥም።

ጋሽ ቀስታ ይሉታል። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት ደመወዝ ከፋዩና ሚስቱ ብቻ ናቸው ይባላል። ቅጽል ስሙ የወጣለት ቫልቭ ከሚከፍትበት አኳኋን ነው፤ መዘውሩን በጥቂቱ ዞር ያደርገዋል፣ ይቆማል፣ ያዳምጣል፣ እንደገና ዞር ያደርገዋል። በር ከፋቾቹ ሲነዘንዙት «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላቸዋል። እነሱም ይህን ተረት ገና አፉን ሳይከፍት ቀድመው ይሉለታል።

የጠዋቱን ፈረቃ የምትሠራው እሱ ያስተማራት ሴት ናት። ሥራ ላይ እያለች ስለምታፏጭ ፊሽካ ብለዋታል። እኩለ ቀን ላይ ይረከቡኝ፣ አስረክቢኝ ሳይባባሉ ይተካካሉ፤ እሷ ወደ መታጠቢያ ቤት፣ እሱ ወደ መቆሚያው። ገና ሥራ በጀመረችበት ቀን ያስተማራት አንድ ሕግ አለ። ሰው የከፈተውን ሌላ ሰው አይዘጋም፤ ሰው የዘጋውን ሌላ ሰው አይከፍትም። ማን ምን እንዳደረገ የማይታወቅበት ቧንቧ ገዳይ ነው፣ ብሏት ነበር።

ነገሩ የጀመረው ብርዱ በበረታበት ሰሞን ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ በእሱ ፈረቃ፣ ቧንቧው ጮኸ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ግን የጣሪያው ቆርቆሮ አቧራውን አራገፈ። ፎርማኑ እየሮጠ መጣ።

«ጋሼ፣ ሳያሟሙቁ ነው እንዴ የከፈቱት?»

«አሟሙቄዋለሁ።»

«ታዲያ ምን አስጮኸው?»

«እንጃ።»

ማፍሰሻው ተደፍኖ ይሆናል ተባለ፤ ተከፍቶ ሲታይ የተደፈነ ነገር አልተገኘም። ፎርማኑ ሰው አያስቀይምም፤ ነገር ግን ሲሄድ፣ ሁለተኛ ከጮኸ ጋኖቹን ለሌላ ሰው ለመስጠት እንደሚገደድ ተናገረ። ይህን ሲናገር የሚያየው ቧንቧውን ነበር።

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ጋሽ ቀስታ ማሟሟቂያውን ሊከፍት ከመቆሚያው ወረደ። ትንሹ ቫልቭ ያለው ከጋኖቹ ጀርባ፣ ታች ነው፤ ከላይ አይታይም። እጁን ሰዶ መዘውሯን ሲይዛት ላላችበት። ተከፍታ ነበር።

ቆሞ እጁን አየው። መቼ ከፈትኩት? ሥራ ሲገባ በዚያ አልፏል፤ ቧንቧውን በእጁ ጀርባ ለክቷል። ያኔ ከፍቼው ይሆን? እጅ ልማዱን ያውቃል፤ ባለቤቱን ሳያማክር የሚሠራበት ጊዜ አለ። ፊሽካ ትዝ አላለችውም። ቢያስባትም ሊጠይቃት አይችልም ነበር፤ ሕጉን ያስተማራት እሱ ነው፣ መጠየቅ ማለት መክሰስ ነው። ነገሩን በሆዱ ይዞ ወደ ላይ ወጣ።

ሌላም ቀን ተከፍታ አገኛት። ደግሞ ሌላ ቀን ተዘግታ። እንደገና ተከፍታ። ውሉ ጠፋበት።

ሌላ ሰው ቢሆን ምናልባት ይስቅበት ነበር። ጋሽ ቀስታ ግን ቤቱ ውስጥ ታላቅ ወንድሙ አለ።

ታላቁ ስመ ጥር ልብስ ሰፊ ነበር። ልክ ሳይወስድ፣ ሰውየው ከበሩ እስኪደርስ በዓይኑ ለክቶ የሚጨርስ። ዛሬ ጋሽ ቀስታ ባለበት ዕድሜ ላይ ሳለ ለአንድ ደንበኛ ሁለት ግራ እጅጌ ያለው ኮት ሰፋ። ተሳቀ። ቀጥሎ የሱቁን ቁልፍ ሱቁ ውስጥ ቆልፎበት መጣ። አሁን ከታናሹ ቤት በጓሮው በኩል ባለችው ክፍል ይኖራል፤ ጠዋት ጠዋት እየወጣ የወንድሙን ሚስት ያመሰግናል።

«የዚህ ቤት እመቤት ደግ ሴት ነሽ። ባል አለሽ?»

«አለኝ።»

«ምን ይሠራል?»

«ጋን ይጠብቃል።»

«ጋን ምን ጠባቂ ይፈልጋል? እግር የለው!»

እሷ ትስቃለች። ጋሽ ቀስታ ድሮ አብሮ ይስቅ ነበር፤ በዚያ ሰሞን ግን ዳቦውን እያኘከ ወንድሙን አተኩሮ ያይ ጀመር። የወንድሙ ጣቶች የጠረጴዛውን ጨርቅ ጠርዝ ይዘው እየተሰፋ እንዳለ ልብስ ያንሸራትቱታል። እጁ አልረሳም። የረሳው ሌላው ነው።

ራሱን ሊፈትን ወሰነ። መጀመሪያ ያደረገው የሚሠራውን ጮክ ብሎ መናገር ነው። «ከፈትኩ» ይላል፣ ቫልቩን ሲከፍት። «ዘጋሁ» ይላል፣ ሲዘጋ። በር ከፋቾቹ ሰምተው አልማሩትም። ከመካከላቸው ረጅሙ፣ የበሩን መቀርቀሪያ የሚያስለቅቀውን መንጠቆ የሚይዘው፣ በየ«ዘጋሁ»ው «እሰይ፣ እደግ!» እያለ ይመልስለት ጀመር። ጋሼ ከጋን ጋር ማውራት ጀመሩ፣ ቀጥሎ መልስ ሲሰጣቸው እንሸሻለን ተባለ።

ሁለተኛው መላ የባሰ ነበር። እንደወጣ ወዲያው ተመልሶ ከመቆሚያው ይወርድና ማሟሟቂያውን ያያል። ተከፍታ ካገኛት ይዘጋታል። እንዲያ ካደረገ በኋላ ሊያሻግር ሲል ሲከፍታት የከፈታት እሱ መሆኑን ያውቃል። አንድ ቀን እየዘጋ ሳለ ቀና ሲል ፊሽካ ከመታጠቢያ ቤቱ ወጥታ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ ታየዋለች። ፉጨቷን አቋርጣ ነበር።

«ደህና ይዋሉ ጋሼ» አለችው።

«ደህና ዋይ።»

ቆማ የምትለው ነገር ያለ መሰለ። ከዚያ ሄደች። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ማሟሟቂያው ተዘግቶ አላገኘውም።

የአንደኛው ጋን ጡብ ቀድሞ የበሰለበት ቀን ግን ሁሉም ነገር የተለየ ነበር። ፈረቃውን እንደተረከበ ጊዜ ሳያጠፋ ወረደ፤ ማሟሟቂያው ዝግ ነበር። ይህ ራሱ ግራ አጋባው፤ ሆኖም ደስ አለው። ከፈተ፣ «ከፈትኩ» አለ፣ ቧንቧው እስኪሞቅ ጠበቀ፣ ትልቁን ቫልቭ በጥቂት በጥቂቱ አዞረ። መርፌዎቹ ተገናኙ። ትልቁን ዘጋ። ወርዶ ትንሿን ዘጋ። «ዘጋሁ።»

«እሰይ፣ እደግ!» አለ ባለ መንጠቆው።

የቦይለሩን መስመር ለሁለተኛው ጋን ለቀቀ። የአንደኛውን መተንፈሻ ከፈተ። ጣሪያው ላይ ነጭ ደመና ወጣ፣ ሳሳ፣ ጠፋ። መርፌው ወረደ፤ ዜሮ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ቆመ።

በር ከፋቾቹ ጓንታቸውን አጥልቀው በሩ ፊት ተሰልፈዋል።

«ጋሼ፣ ይከፈት?»

«ቆይ።»

«መርፌዋ ተኝታለች እኮ።»

«አልተኛችም። አሸልባለች።»

«ያው ልማዷ ነው፤ አንድ ኩርኩም ይስጧት።»

እውነት ነው፣ መለኪያው አሮጌ ነው፤ አንዳንድ ቀን ከዜሮው በላይ ይቀራል፣ በጣት መታ ሲያደርጉት ይወርዳል። መታ አደረገው። አልወረደም። ከበሩ ግርጌ ያለችውን የማረጋገጫ ቧንቧ ከፈተ፤ ከውስጧ እንደ ተኛ ሰው እስትንፋስ ያለ ቀጭን ድምፅ ወጣ።

«የውሃ ትራፊ ነው» አለ ባለ መንጠቆው። «ደግሞ ዘግተዋል፤ ዘጋሁ ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሁላችንም ሰምተናል።»

እሱም ሰምቷል። ድምፁን በደንብ ያስታውሳል። እጁን ግን ሊያስታውስ ሲሞክር ምንም አልመጣለትም፤ ቃሉ ብቻ እየተመላለሰ በጆሮው ይደውላል። ዘጋሁ፣ ዘጋሁ። ዘግቼ ነው ያልኩት ወይስ ብዬ ቀረሁ?

መርፌውን ካመነ፣ ማሟሟቂያውን ክፍት ትቷል ማለት ነው፤ የታላቁን መንገድ ጀምሯል ማለት ነው። ራሱን ካመነ፣ መርፌው ተጣብቋል፣ «ክፈቱ» ይላል፣ እነዚህ የሚያላግጡበት ልጆች መቀርቀሪያውን ያስለቅቃሉ። ፊታቸውን አንድ በአንድ አየ። ባለ መንጠቆው እየሳቀ ነበር።

«ማንም በሩን እንዳይነካ» አለና ወረደ።

ማሟሟቂያው ተከፍቷል። ቀጭኑ ቧንቧ እጁን ገና ከሩቅ አቃጠለው። ዘጋው። መዘውሯን ይዞ ጥቂት ጊዜ ቆመ፤ ከዚያ ወጥቶ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ ተናገረ።

«አልዘጋሁትም ነበር። ረስቻለሁ።»

«እሰይ» ለማለት አፉን ከፍቶ የነበረው ባለ መንጠቆ እንደከፈተው ቀረ። መንጠቆውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ። ጋኑ ትራፊውን ተንፍሶ እስኪጨርስ ከኋላ ጋሪዎቹ ተደረደሩ፣ ማተሚያው ቆመ፣ ፎርማኑ መጣ። የሆነውን ሰማ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር።

«ነገ ጠዋት ቢሮ ይምጡ ጋሼ» አለ ብቻ።

ማታ ለሚስቱ ነገራት። ራት ቀርቦ ታላቁም አብሮ ተቀምጦ ነበር። ከቧንቧው ጩኸት ጀምሮ ያለውን ሁሉ አወጣው።

«ይህን ሁሉ ጊዜ!» አለች። «እኔ ደግሞ ዝም ዝም ስትል ልብህ ሌላ ቤት የገባ መስሎኝ፣ ስሟን ላጣራ ደርሼ ነበር።»

«ሴት ቢሆን በተሻለኝ።»

«አፍህን ዝጋ!» አለችና ትከሻውን ገፋችው፤ ከዚያ እጇን እዚያው ተወችው።

ታላቁ ማንኪያውን አስቀመጠ። «የረሳው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«አይዞህ» አለው ወንድሙ፣ ፊቱን በርኅራኄ እያየ። «የሚያስፈራው መጀመሪያው ነው። ኋላ ትረሳዋለህ።»

ጠዋት ቢሮ ሲደርስ ፊሽካ ቀድማው ቆማለች። ፈረቃዋን ሳትጀምር፣ ቱታዋን እንደለበሰች። ዓይኗ ቀልቷል። ፎርማኑ ወንበር ላይ አገጩን ይዞ ተቀምጧል።

«እኔ ነኝ የከፈትኩት» አለች፣ ገና ከበሩ ሳያልፍ።

«ምኑን?»

«ማሟሟቂያውን። ትናንትናም፣ ከዚያ በፊትም። ባለ መንጠቆው ማታ ደውሎ እስኪነግረኝ ምን እንዳደረግኩ አላወቅሁም። ሰው ልገድል ነበር።»

ጋሽ ቀስታ ተቀመጠ። ቧንቧው የጮኸ ጊዜ እሱ መርሳት እንደጀመረ አስባ እንደነበር ፊሽካ ነገረችው። ሁለተኛ ከጮኸ ጋኖቹን ይነጠቃል። ስለዚህ ከመታጠቧ በፊት በጀርባ በኩል አልፋ ማሟሟቂያውን ትከፍትለት ጀመር፤ ቢረሳ እንኳ መንገዱ ሞቆ ይጠብቀዋል። ትናንት ግን ቱታዋን ልታጥብ ቀጥታ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ገብታ ቆየች። ስትወጣ ዝግ አየችው። ማሻገሩ አልቆ መዘጋቱን አላወቀችም፤ ከፍታ ሄደች።

«ቧንቧውን በእጅሽ አልለካሽም?»

«ቸኩዬ ነበር። ጓንቴንም አላወለቅሁም።»

ተረቱ አፉ ላይ መጣ። ዋጠው።

«ሰው የዘጋውን ሌላ ሰው…»

«አውቃለሁ! እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ!»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? ጋሼ፣ እየረሱ ነው ልበልዎት? ያስተማረኝን ሰው? ደግሞ ሲዘጉት በዓይኔ አየሁ። ሊያሻግሩ ተዘጋጅተው ማሟሟቂያ ሲዘጉ! አለቀላቸው አልኩ፣ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።»

«የዘጋሁት አንቺ እየከፈትሽው ነው!»

«እኔ የከፈትኩት እርስዎ እየረሱ ነው!»

«አልረሳሁም ነበር!»

«እኔ ምን አውቄ!»

ፎርማኑ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «አንዱ ይከፍታል፣ አንዱ ይዘጋል፤ ሁለቱም ለደግ። ይሉኝታ አንድ ቀን ፋብሪካውን ያፈነዳዋል።» ከዚያ ቆጣ ብሎ ለፊሽካ ማስጠንቀቂያ እንደሚጽፍላት ነገራት፤ ራሷን ነቀነቀች። ወደ ጋሽ ቀስታ ዞረ። «እንግዲህ ከፋቹ ታወቀ። እርስዎ ምንም አልረሱም። በቃ፣ ወደ ሥራዎ።»

ጋሽ ቀስታ ግን ከወንበሩ አልተነሳም። አንድ ነገር አልሄደለትም።

«ልጅሽ ታሞ የቀረሽበት ቀን አለ» አላት።

«አዎ።»

«ያን ቀንም ክፍት ነበር።»

ፊሽካ አሰበች። «ያን ቀን እኔ ግቢው ውስጥ አልነበርኩም ጋሼ።»

«ጠዋቱን የሸፈንኩት እኔ ነኝ» አለ ፎርማኑ። «እኔ አልነካሁትም።» አገጩን ለቀቀ። «መሰለኝ።»

ማንም አልሳቀም። ፎርማኑ ራሱን አከከ፤ ትልቁን ቫልቭ መፈተሹን ያስታውሳል፣ በጀርባ በኩል ማለፉንም ያስታውሳል፣ ከዚያ ስልክ ተደወለለት። ነክቼው ሊሆን ይችላል አለ። ላልነካውም እችላለሁ አለ። ቧንቧው የጮኸ ቀንስ? ያን ቀን ፊሽካ ምንም መንካት አልጀመረችም ነበር። አሟሙቄዋለሁ ብሎ ነበር ጋሽ ቀስታ፤ አሁን ያን ሲያስብ የሚያስታውሰው ያሟሟቀውን ሳይሆን አሟሙቄዋለሁ ማለቱን ነው።

«የቀን ስህተት ሊሆን ይችላል» አለች ፊሽካ፣ እያባበለችው። «የቀረሁት በሌላ ቀን ይሆናል።»

«ይሆናል።»

«እንዲያውም በሌላ ቀን ነው።»

«አንቺ ልጅ» አላት በለዘበ ድምፅ፣ «እንደገና ልትከፍቺልኝ ነው?»

ጋሽ ቀስታ ተነሳ። ማሻገሩን ይሠራል፤ መርፌ ማየት አላስቸገረውም። ግን ጉዳዩ እስኪለይለት ድረስ «በሩን ክፈቱ» የሚለው ቃል ከእሱ አፍ አይወጣም፤ ቃሉን ሌላ ሰው ይስጥ። ፎርማኑ ሊከራከር ጀመረና ተወው።

ለሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ተይዟል፤ ሚስቱ አብራው ትሄዳለች። ፈረቃውን ፊሽካ ትሸፍናለች።